ቆጣሪው ከመነሣቱ በፊት ቁጥሩ ይፈረምበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ እስከ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ድረስ ባሉ ሠፈሮች የመብራት ሒሳብ ክርክር በተነሣ ቁጥር ስለሚደጋገም አንድ ጉዳይ ነው። ቆጣሪው ሳይነበብ ቁጥሩ በግምት ይሞላል። ግምቱ ለወራት ይጠራቀማል። ከዚያ ቤቱ ሲሸጥ፣ ተከራይ ሲለቅ ወይም የድሮው ቆጣሪ ተነሥቶ የካርድ ቆጣሪ ሲገባ ልዩነቱ በአንድ ጊዜ ይመጣል። በዚያች ቀን ቆጣሪው ላይ የነበረውን ቁጥር ማንም ካልጻፈው ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ሁሉ በቃል የሚደረግ ነው፤ በቃል ክርክር ደግሞ ደንበኛ ሲያሸንፍ አይታይም።

በእንግሊዝ አገር ቤተሰቡ የመብራት አቅራቢ ድርጅቱን መርጦ ይቀይራል። እዚያ የሚታወቀው ጣጣ የቀድሞው ድርጅት ሒሳቡን የሚዘጋበትና አዲሱ የሚጀምርበት ቁጥር አንድ ካልሆነ የሚፈጠረው ነው፤ ቁጥሩ በግምት ከገባ ደንበኛው አንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል። እኛ ዘንድ ማመንጨቱና ማከፋፈሉ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተቋም ከተከፈለ ወዲህ ለቤት የሚሸጠው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ስለዚህ አቅራቢ አንቀይርም። የምንቀይረው ቆጣሪ፣ ቤትና ስም ነው። ጣጣው ግን ያው ነው፤ አንዱ ሒሳብ ተዘግቶ ሌላው የሚከፈትበት ቁጥር ትክክል ካልሆነ ከሁለት አንዱ ወገን ይጎዳል።

በግምት መሙላት በራሱ ጥፋት ነው አልልም። ቆጣሪ አንባቢው በር ተዘግቶበት፣ ውሻ ተለቆበት፣ በክረምት ጭቃው አላሳልፍ ብሎት ወይም የቆጣሪው መስታወት ውስጡ እርጥበት ይዞ ቁጥሩ አልታይ ብሎት ሊመለስ ይችላል። በጋራ ሕንፃ ደግሞ የቆጣሪ ሳጥኑ ተቆልፎ ቁልፉን የያዘው ሰው ሥራ ሄዶ ይሆናል። ጥፋቱ ግምቱ ግምት መሆኑ ሳይነገር ሲቀርና ለተከታታይ ወራት ሲደጋገም ነው። አንባቢው ላይ መጮህ ለዚህ ምንም አይፈይድም። በሩ የሚዘጋ ሰው የዕለቱን ቀንና ንባቡን በወረቀት ጽፎ በሩ ላይ ቢለጥፍ፣ አንባቢው የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ለጥበቃው ወይም ለጎረቤት ቢነግር ብዙ ይረዳል።

ደንበኛው ቁጥሩ ግምት መሆኑን በምን ያውቃል? የስድስት ወር ቢሉን፣ ቢል ከሌለው በስልክ ሲከፍል የመጡለትን መልእክቶች ደርድሮ ፍጆታውን ይመልከት። የሰው አኗኗር በየወሩ እኩል አይደለም። በዓል የዋለበት ወር፣ እንግዳ የከረመበት ወር፣ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሠፈሩ ቀናት በጨለማ ያሳለፈበት ወር በቁጥሩ ላይ መታየት አለበት። ለሦስት ወር 90፣ 90፣ 90 እያለ የሚሄድ ፍጆታ፣ ወይም መብራት ለሳምንት በጠፋበት ወር ምንም ያልቀነሰ ፍጆታ ከቆጣሪው የመጣ አይደለም። መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ቀን በካሌንደር ላይ ምልክት ማድረግ ለዚህ ይጠቅማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ቢል ላይ የአሁን ንባብ ተብሎ የተጻፈው 4860 ሆኖ ዛሬ ቆጣሪው ራሱ 4790 ካሳየ ነገሩ አለቀ፤ የቤት ቆጣሪ የፈጀነውን ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይቆጥርም። ይህን ያገኘ ሰው ግን ነገ ዛሬ ማለት የለበትም። በቀን 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈጅ ቤት ያችን የ70 ልዩነት በ12 ቀን ውስጥ ይበላታል። በ13ኛው ቀን ቆጣሪው ከቢሉ ቁጥር በላይ ያሳያል፤ ያን ጊዜ ቢሉ ትክክል የነበረ ይመስላል። ብዙ ሰው ሐቅ ይዞ የሚሸነፈው በዚህ ነው፤ ቁጥሩን አይቶ ይናደዳል፣ ፎቶ ሳያነሣ ይሰነብታል፣ ሲያመለክት ማስረጃው ጠፍቷል።

ፎቶው የቆጣሪውን መለያ ቁጥርና ንባቡን በአንድ ላይ ማሳየት አለበት። ንባቡን ብቻ አቅርቦ ያነሣ ሰው የየትኛው ቆጣሪ እንደሆነ ማስረዳት አይችልም። የስልኩን ፍላሽ አጥፍቶ ትንሽ ከጎን ማንሣት ይሻላል፤ ፍላሹ መስታወቱ ላይ ያብረቀርቅና አኃዙን ይሸፍነዋል። ፎቶውን ወዲያው በቴሌግራም ለራስ መላክ ቀኑን አብሮ ያስቀምጣል።

አነባበቡም መታወቅ አለበት። ዲስኩ የሚሽከረከረው የድሮ ቆጣሪ ላይ በስተቀኝ መጨረሻ ያለው ቀይ ወይም በቀይ የተከበበ አኃዝ የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አሥረኛ ክፍል ነው፤ አይቆጠርም። እሱን ከሌሎቹ ጋር ደርቦ የጻፈ 4790ን 47903 ያደርገዋል። በቢሉ ላይ ያለው ንባብ ድንገት አሥር እጥፍ ያህል ከዘለለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። በዲጂታሉ ላይ መስኮቱ በየጥቂት ሰከንዱ እየተቀያየረ ቀን፣ ሰዓት፣ ቮልቴጅና ፍጆታ ያሳያል። በብዙዎቹ ላይ ጠቅላላ ፍጆታው 1.8.0 የሚል ኮድ ይዞ ይመጣል። 1.8.1 እና 1.8.2 የጠቅላላው ክፍልፋዮች ናቸው፤ አንድ ወር ጠቅላላውን፣ በሚቀጥለው ወር ክፍልፋዩን የጻፈ አንባቢ ሒሳቡን ያዘበራርቃል። የካርድ ቆጣሪ ላይ ደግሞ ቀድሞ የሚታየው ብዙ ጊዜ የቀረው ሒሳብ ነው። የትኛውን እንዳነበቡ ከተጠራጠሩ በማግሥቱ ደግመው ይዩት፤ የቀነሰው ቀሪ ሒሳብ ነው፣ የጨመረው ፍጆታ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ብዙ ሰው «ዞሮ ዞሮ የምከፍለው የተጠቀምኩትን ነው» ብሎ ነገሩን ይተወዋል። እውነት አይደለም። የቤት ደንበኛ ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው። እርከኖቹ በወር 50፣ 100፣ 200፣ 300፣ 400 እና 500 ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ ይለወጣሉ፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። በወር ከ200 በላይ የተጠቀመ ቤት ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣበታል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ፍጆታ በየወሩ ተከፋፍሎ ሲከፈልና በአንድ ወር ተጠቅልሎ ሲከፈል ዋጋው በጭራሽ አይገናኝም።

በወር 170 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈጅ ቤት እንውሰድ። ለስድስት ወር በግምት 90 እየተሞላ ከሄደ የተከፈለው የ540 ነው፤ የተፈጀው ግን 1020 ነው። ልዩነቱ 480። በሰባተኛው ወር ትክክለኛው ንባብ ሲወሰድ 480ውና የወሩ 170 ተደምረው 650 የአንድ ወር ፍጆታ ሆነው ይመዘገባሉ። በአንድም ወር 200 ያልደረሰ ቤት ከ500 በላይ ባለው የመጨረሻ እርከን ላይ ይቀመጣል፤ ታክሱም ይጨመርበታል። የሰባቱ ወር ጠቅላላ 1190 ነው፤ ለሰባት ሲካፈል 170፣ ማለትም በሁሉም ወር ከ100 እስከ 200 ባለው እርከን ውስጥ። እውነቱን ለመናገር ይህ ደንበኛ በስድስቱ ወር በ90 ሒሳብ ከሚገባው ባነሰ እርከን ከፍሏል፤ ስለዚህ የሚጨምረው ገንዘብ አለ፣ መክፈልም ግዴታው ነው። የማይገባው በ650 እርከን መክፈሉ ነው። ሊጠይቅ የሚገባውም «ዕዳው ይሰረዝልኝ» ሳይሆን «ፍጆታው በተጠቀምኩባቸው ወራት ተከፋፍሎ እንደገና ይሰላልኝ» የሚለውን ነው። እንዲህ ብሎ የቀረበ ሰው ሐቁን ይዞ ይቆማል፤ ዕዳው በሙሉ ይቅርልኝ ያለ ግን በመጀመሪያው መስኮት ይመለሳል።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይደረባል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጎ የወጣ ነው። በሚያዝያ የተፈጀ ኪሎ ዋት ሰዓት በግምት ተደብቆ ቆይቶ በጥቅምት ሲወጣ በጥቅምት ዋጋ ይሰላል ማለት ነው። ስለዚህ ፍጆታው በየወሩ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ወር በራሱ ጊዜ ታሪፍ እንዲሰላ በማመልከቻው ላይ ለብቻ መጠየቅ አለበት።

ግምት ባይኖርም የቀን ብዛት ብቻውን እርከን ያሻግራል። በቀን 6 የሚፈጅ ቤት በ30 ቀን 180 ነው። አንባቢው ዘግይቶ በ38ኛው ቀን ከመጣ 228 ይሆናል፤ ከ200 አልፎ ታክስ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ቢል ሲታይ ፍጆታውን ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለውን ቀን መቁጠርና ፍጆታውን ለቀኑ ማካፈል ያስፈልጋል። የቀን አማካዩ ካልተለወጠ ቤቱ ፍጆታ አልጨመረም፤ የተለወጠው የንባቡ ቀን ነው።

ከማመልከት በፊት ስሕተቱ የንባቡ ነው፣ የቆጣሪው ነው ወይስ የመስመሩ የሚለውን መለየት ጊዜ ይቆጥባል። ቤት ውስጥ ያለውን ዋናውን ብሬከር ያውርዱና ቆጣሪው ላይ ያለችውን ቀይ መብራት ይመልከቱ። ብልጭ ድርግም ማለቷን ማቆም አለባት። አንዳንድ ቆጣሪ ላይ ጭነት ሲጠፋ መብራቷ ሳትቋረጥ በርታ ትቀራለች፤ ይህ የሚያሳየው ምንም እየቆጠረ አለመሆኑን ነው፣ ፈጠነ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ብሬከሩ ወርዶ እያለ ብልጭታው ከቀጠለ ግን ብዙውን ጊዜ ወይ በቆጣሪውና በቤቱ መካከል ሌላ ሰው መስመር ቀጥሏል ወይ ያ ቆጣሪ የእርስዎ አይደለም።

ሁለተኛው በጋራ ሕንፃ ከሚገመተው በላይ ያጋጥማል። ሃያና ሠላሳ ቆጣሪ በአንድ ሳጥን ሲደረደር ከቤቶቹ የሚመጡት ገመዶች ይቀያየራሉ፤ የ204 ቁጥር ቤት ገመድ 304 ተብሎ በተጻፈው ቆጣሪ ላይ ይታሰራል። ሁለቱ ቤቶች ሳያውቁ አንዱ የሌላውን ይከፍላል፤ አንዱ ነጠላ ሰው፣ ሌላው በየሳምንቱ እንጀራ የሚጋግር ቤተሰብ ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ቤት ሆኖ ብሬከሩን ያወርዳል፣ ሌላው ሳጥኑ ዘንድ ቆሞ በስልክ እየተነጋገሩ የትኛው ቆጣሪ ብልጭታውን እንዳቆመ ያያል። ሁለት ሦስት ጊዜ ደግመው እርግጠኛ ከሆኑ ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ማመልከት ነው። ገመዱን በራስ እጅ ማዛወር ግን ክልክል ነው። የቆጣሪውን ማኅተም የነካ ሰው ሐቁ ሁሉ ይቀርና ራሱ ተከሳሽ ይሆናል።

ቆጣሪው ራሱ ይፈጥናል የሚል ጥርጣሬ ካለ እንዲህ ይሞከር። ፊቱ ላይ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፏል፤ 1000፣ 1600 ወይም 3200 ሊሆን ይችላል። ከ2000 ዋት የውኃ ማፍያ በቀር በቤቱ ያለው ሁሉ፣ ፍሪጁንና ቻርጀሩን ጨምሮ፣ ይነቀል። ማፍያው ቀዝቃዛ ውኃ እስከ አፉ ተሞልቶ ይለኮስና ለሦስት ደቂቃ ብልጭታው ይቆጠር። 1600 የተጻፈበት ቆጣሪ 160 ጊዜ ያህል ማብራት አለበት። በዓይን መቁጠር ከከበደ በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ በዝግታ ማየት ይቻላል። ማፍያው ሳይፈላ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ከፈላ ራሱን ስለሚያጠፋ ቆጠራው ይበላሻል። ካውያ ለዚህ አይሆንም፣ በየመሀሉ ይቋረጣል። ምጣድም አይመችም፤ በአገር ውስጥ የተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ዋቱ አልተጻፈም።

እዚህ ላይ የዳርቻው ሠፈሮች አንድ የራሳቸው ችግር አለ። ማታ ሁሉም ሲለኩስ ቮልቴጁ ይወርዳል። 220 ላይ 2000 ዋት የሚስበው ማፍያ 190 ላይ የሚስበው ወደ 1490 ዋት ነው፤ በሦስት ደቂቃ ብልጭታው ወደ 119 ይወርዳል። ይህን ያየ ሰው ቆጣሪው ዘገየ ብሎ ይደመድማል፤ ቆጣሪው ግን ልክ ነው። ብዙ ዲጂታል ቆጣሪ ቮልቴጁን በመስኮቱ ስለሚያሳይ ሙከራው ሲጀመር እሱም ይጻፍ። ከሁሉ የሚሻለው ጠዋት ሦስትና አራት ሰዓት ላይ መሞከር ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ ቢል ይቀንሳል የሚል አስተሳሰብም አለ፤ ለምጣድና ለቦይለር ይህ አይሠራም፤ ሙቀቱ ስለሚያንስ ረዘም ላለ ጊዜ ይለኮሳሉ።

ዋናው ጉዳዬ ግን ቆጣሪ የሚነሣበት ቀን ነው። የድሮው ቆጣሪ ተፈትቶ መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ የመጨረሻ ንባቡን ከደንበኛው ወገን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ሲመጡ፣ አንድም ብሎን ሳይፈታ፣ የሚነሣው ቆጣሪ መለያ ቁጥርና ንባብ፣ የማኅተሙ ቁጥር፣ የሚገባው ቆጣሪ መለያ ቁጥርና የመነሻ ንባብ፣ ቀኑና ሰዓቱ በወረቀት ይጻፍና ሁለቱም ወገን ይፈርሙ። ወረቀት ካልያዙ ደንበኛው ራሱ በሁለት ቅጂ ያዘጋጅ። አዲሱ ቆጣሪ ዜሮ ላይ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ተሞክሮ ጥቂት የቆጠረ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ቦታ ተነሥቶ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሺዎች ይዞ ይመጣል። የተነሣው የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ካርዱ ላይ የቀረው ሒሳብም ይጻፍ፤ የተከፈለበት ገንዘብ ነው።

ይህ ወረቀት የሚጠቅመው ዕዳ ለማስቀነስ ብቻ አይደለም። ግምቱ ከእውነተኛው በላይ ሲሞላ የቆየ ደንበኛ ቆጣሪው ቢቀጥል ኖሮ በሚቀጥለው ንባብ ሒሳቡ ራሱ ይካካስለት ነበር። ቆጣሪው ሳይነበብ ከተነሣ ግን ማካካሻው እዚያው ይቀራል፤ ያለ አግባብ የከፈለው ገንዘብ ይመለስልኝ ለማለት የሚያሳየው ነገር የለውም። በግምት ያነሰ የተሞላለትን ግን ልዩነቱ ቆይቶ ውዝፍ ተብሎ ይደርስበታል።

ቤት ሲሸጥ ደግሞ ቁልፍ ከመረካከብ በፊት ሻጭና ገዢ አብረው ቆመው ያንብቡ፤ ንባቡም በውሉ ውስጥ ይግባ። ሻጩ የመጨረሻውን ቢል ከፍያለሁ ማለቱ በቂ አይደለም፤ የከፈለው የግምቱን ከሆነ ልዩነቱ በቆጣሪው ላይ ተቀምጦ ገዢውን ይጠብቃል። ገዢው የቢሉን የመጨረሻ ንባብ ከቆጣሪው ቁጥር ጋር ያስተያይ፤ ቆጣሪው ከበለጠ ልዩነቱ ያልተከፈለ ነው፣ ከዋጋው ላይ ይቀነስ ወይም በመያዣ ይቀመጥ። የስም ዝውውሩን ሳያዘገዩ መጨረስም ያስፈልጋል፤ የመብራት ውሉ በሌላ ሰው ስም ሆኖ የሚቀርብ ቅሬታን ተቀብሎ የሚመረምር አይገኝም።

የተከራዮች ነገር የባሰ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ያ ውል ሲጻፍ የገቡበት ቀን የቆጣሪ ንባብ አንድ መስመር ሆኖ ቢገባ ተከራይ ሲለቅ የሚነሣው ጭቅጭቅ ከግማሽ በላይ ይቀር ነበር። በዳርቻው ሠፈር አራትና አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ያለበት ግቢ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ቤት በወር 60 ቢፈጅ አምስቱ 300 ይሆናሉ፤ ለብቻ ቢሆኑ ታክስ የማይነካቸው ሰዎች በአንድ ላይ ስለተቆጠሩ ታክስና ከፍ ያለ እርከን ይከፍላሉ። አከራዩ በየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ቢያስገባ አከፋፈሉ ፍትሐዊ ይሆናል፤ እርከኑ ግን የዋናው ቆጣሪ ስለሆነ አይወርድም። ለዚያ መፍትሔው ለየቤቱ የራሱ ውል ያለው ቆጣሪ ማመልከት ብቻ ነው። በነፍስ ወከፍ ማካፈል ደግሞ አንድ አምፖል ያለችውን ልጅ ምጣድ ለሚለኩሰው ማስከፈል ነው።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። የደንበኛው መለያ ቁጥር፣ የቆጣሪው መለያ ቁጥር፣ ክርክር ያለበት ወር፣ በቢሉ ላይ ያለው ንባብ፣ በዚህ ቀን በቆጣሪው ላይ የታየው ንባብ፣ ልዩነቱ። ከዚያ የሚጠየቀው፤ ቆጣሪው ደንበኛው ባለበት ይነበብ፣ ፍጆታው በወራቱ ተከፋፍሎ በየወሩ ታሪፍ ይሰላ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ መስመሩ አይቆረጥ፣ ክርክር የሌለበትን ያህል እንድከፍል ይፈቀድልኝ። ይህ የመጨረሻው ብዙዎች የሚዘነጉት ነው። ምንም ሳይከፍሉ መቅረት ጉዳዩን ከንባብ ክርክር ወደ አለመክፈል ያዞረዋል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው መርማሪ ሳይሆን ቆራጭ ነው።

በአገልግሎቱ የጥሪ ማዕከል ቁጥር 905 ደውሎ ማስመዝገብ ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ለአገልግሎት መስጫ ማዕከሉ መዝገብ ቤት ይግባ፤ በእጅ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያለበት ማኅተም ይመታ። ለባለሙያ በእጅ የተሰጠ ወረቀት ባለሙያው ሲዛወር አብሮ ይጠፋል። ሊያጣራ የሚመጣው ሰው ሲያነብ ደንበኛው አብሮ ቆሞ ያንብብ፤ ያነበበውን ቁጥር እንዲጽፍለት ይጠይቅ። ማዕከሉ መልስ ካልሰጠ ወደ በላይ ኃላፊው፣ ከዚያ ዘርፉን ወደሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚኬደው ይህንኑ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይዞ ነው።

የሚመለከታቸው አካላት እንዲያዩት የምፈልገው ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ በግምት የተሞላ ንባብ በቢሉና በስልክ በሚመጣው መልእክት ላይ «ግምት» የሚል ቃል ይኑርበት፤ ደንበኛው በዚያው ወር ፎቶ ልኮ እንዲያስተካክል ዕድል ያገኛል። ሁለተኛ፣ የተጠራቀመ ፍጆታ ሲገኝ ደንበኛው ሳይለምን በወራቱ ተከፋፍሎ ይሰላ፤ ኮምፒዩተሩ የሁለቱንም ንባብ ቀን ይዟል፣ ማካፈል አያቅተውም። ሦስተኛ፣ ወደ ኋላ ሄዶ ማስከፈል ገደብ ይበጅለት። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደንበኛው ጥፋት ከሌለበት አቅራቢው ከ12 ወር በፊት ለተፈጀ ኃይል አዲስ ሒሳብ ማምጣት አይችልም። እንዲህ ያለ ገደብ ሲኖር አቅራቢው ራሱ በየጊዜው ለማንበብ ይተጋል፤ ሳይነበብ የሚያልፍ እያንዳንዱ ወር የእሱ ኪሳራ ይሆናልና።

እነዚህ ደንብና የኮምፒዩተር ሥራ ስለሚፈልጉ ጊዜ ይወስዱ ይሆናል። የቆጣሪ ቅየራው ቅጽ ግን ነገ ሊሻሻል ይችላል። የሚነሣው ቆጣሪ ንባብ የሚጻፍበት ቦታ፣ ከጎኑ የደንበኛው ፊርማ፣ አንዱ ቅጂ ለደንበኛው። ፊርማው የሌለበት የመጨረሻ ንባብ ውዝፍ ለማስከፈል መነሻ እንዳይሆን አገልግሎቱ ለየማዕከላቱ በአንድ ደብዳቤ ቢያሳውቅ በእነዚህ ሠፈሮች ቆጣሪያቸው ገና ያልተቀየረላቸው ቤተሰቦች ሁሉ ይጠቀማሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ኤሌክትሪክ መስመር ሥራ ባለሙያ፣ ከቱሉ ዲምቱ